ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር

ጎረቤቴ ሃያ ዓመት ሙሉ በፋብሪካ የዝናብ ልብስ የሰፋች ሴት ናት። ቤቷ ግን ያፈሳል። ውሃው የሚገባው የጭስ ማውጫው ጣሪያውን በስቶ በወጣበት በኩል ነው፤ የሚያርፈውም ምድጃው አጠገብ ባለው የእናቷ አልጋ ላይ። እናትየው እግራቸው ከከዳቸው፣ ጆሯቸውም ከደከመ ወዲህ ከዚያ ሙቀት ተለይተው አያውቁም። ዝናቡ ሲበረታ አልጋው ወደ ማዶው ግድግዳ ተጎተተ፤ ቦታውን ባልዲ ወሰደው። ሳምንት ሳይሞላ አሮጊቷን ሳል ያዛቸው።

የጭስ ማውጫውን የተከለው ታላቅ ወንድሟ ነው። ቆርቆሮ ሠሪ ነው፤ ቤተሰቡ ለቀልድ «ኢንጂነሩ» ይለዋል፣ እሱ ግን የምር አድርጎታል። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ሦስቴም ሬንጅ ለቅልቆ ወረደ።

«ከእንግዲህ ጠብ አትልም» አለ በሦስተኛው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

«ባለፈውም እንዲሁ ብለህ ነበር፣ ወንድም ጋሼ።»

«አንቺ መርፌሽን ያዢ። ጣሪያውን ለኔ ተዪው።»

ጥርሷን ስትነክስ አይቻታለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ዘንቦ ባልዲው ሞላ። እናትየው በሳላቸው መሀል «ተዪው ልጄ፣ ወንድምሽ እንዳይከፋው» አሏት። ይቺ ቃል ናት ደሟን ያፈላችው። ዝናቡ እንዳባራ መሰላል ተሸክማ ደጄ መጣች።

«ያዥልኝ። ብወድቅ ለሱ እንዳትነግሪው፣ ደስ ይለዋል።»

ላይ ወጥታ ሬንጁን በቢላ ፋቀችው። ከዚያ ቁጣዋ እስከ ታች ተሰማ።

«በጭስ ማውጫው ዙሪያ ያለበሰውን ቆርቆሮ ከጣሪያው ቆርቆሮ በላይ ደርቦታል እኮ! የላይ ጫፉ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር መግባት ነበረበት። ውሃው ሰተት ብሎ ነው የሚገባው። የዝናብ ልብስ እንዲህ ብሰፋ በዚያው ቀን ያባርሩኝ ነበር።»

ምስማሩን ነቅላ ጫፉን ከሥር አስገባችና መልሳ መታችው። አመታቷ ምስማር የምትመታ አይመስልም። መዶሻውን ሰምቶ ወንድሟ መጣ።

«ሥራዬን አፍርሺ ማን አለሽ?»

«የእማ ሳል። ውጣና እይ።»

መሰላሉን አየ፣ እኔን አየ፤ አልወጣም። «ሬንጁ ገና ሳይደርቅ...» እያለ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደ። ባልዲው ደረቅ ነበር። አልጋውን ሁለታችን ጎትተን ወደ ምድጃው መለስነው። እናትየው እጃቸውን ወደ እሳቱ ዘርግተው «የኔ ኢንጂነር፣ እጁ ይባረክ» አሉ።

ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለች። «እኔ ነኝ የሠራሁት፣ እማ። እኔ።»

አሮጊቷ ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ለሱ እንዳትነግሪው፣ ይከፋዋል።»

ባልዲውን በእግሯ ስትለጋው በሩ ድረስ ተንከባለለ።