ጥርስ የሌለው ጊታር

ባለፈው ሳምንት አብሮኝ የሚያስተምረው ሁሴን በስልኩ የቤዝ ጊታር ፎቶ አሳየኝ። ሁሴን የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ አርባውን ካለፈ በኋላ ቤዝ ካልተማርኩ ብሎ የተነሳ ሰው ነው። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር የምጫወት፣ ከዚያ ያላለፍኩ የሙዚቃ አፍቃሪ ነኝ። ግን የትኛው የጊታር አንገት በከተማችን በቆቦ ሙቀት እንደሚጣመም፣ ወፍራም ክር ለማን፣ ቀጭን ክር ለማን እንደሚስማማ ከጠየቁኝ ስናገር ብውል አይሰለቸኝም።

«እየው እስቲ፣ እንዴት እንደሚያምር! አንገቱ ልስልስ ያለ ነው፤ አንድ የሚጎረብጥ ነገር የለበትም» አለኝ።

ፎቶውን በጣቴ አጉልቼ አየሁት። ፍሬት አልነበረውም። ፍሬት የሚባሉት አንገቱን አቋርጠው የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች ናቸው፤ ጣት ትንሽ ቢዛነፍ እንኳ ድምፁን ቦታው ላይ ያስቀምጡታል። በዚህኛው ላይ ግን በብረቱ ፈንታ ስስ ነጭ መስመር ብቻ ተሰምሮበታል።

«ተው ሁሴን፣ ይሄ ለጀማሪ አይሆንም። ሌላ እንፈልግ» አልኩት። ለምን ብሎ ሊጠይቀኝ ሲል ደወል ተደወለና ወደየክፍላችን ገባን። የዚያን ቀን ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም። ሰው ሃምሳ ዓመት ሞልቶት፣ ሰሌዳ ፊት ቆሞ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በሆነ ነገር ፊቱ ይግላል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

አባቴ ካሳው በቆቦ ከብት ተራ የታወቀ ደላላ ነበር። የታወቀውም በጥርስ ነው። የበሬውን አፍንጫ በግራ እጁ ይዞ፣ በቀኙ ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ አንድ ጊዜ ያይና ዕድሜውን፣ ስንት ክረምት እንዳረሰ፣ ስንት ክረምት እንደቀረው ይናገራል። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። ከሮቢት፣ ከዋጃ፣ ከአላማጣ የሚመጡ ነጋዴዎች «ካሳው አይቶታል?» ብለው ይጠይቃሉ። «አይቶታል» ከተባሉ አፉን ሳይነኩ ገመዱን ይቀበላሉ። እኔ ልጁ በመሆኔ ብቻ በገበያው ውስጥ ሳልፍ ሰው መንገድ ይለቅልኝ ነበር።

እኔ ግን ልቤ ከብት ላይ አልነበረም። በወጣቶች ክበብ ውስጥ አንድ አሮጌ ቤዝ ነበር፤ ቀለሙ ተልጦ፣ ፍሬቱ በብዙ ሰው ጣት ተበልቶ። እሱ ላይ ነው የተማርኩት። ሌሎቹ ልጆች ወደ ኪቦርዱና ወደ ማይኩ ሲሻሙ ቤዙ ጥግ ላይ ተደግፎ ይቀር ነበርና እኔ ያዝኩት። ቤዝ ሲኖር ማንም ልብ አይለውም፤ ሲጠፋ ነው ሰው ምን ጎደለ ብሎ የሚዞረው። ያን ጠባዩን ወደድኩት መሰለኝ። አዲስ ክር በቆቦ ስለማይገኝ፣ ክሩ ላብና ቆሻሻ ጠጥቶ ድምፁ ሲሞት እንፈታውና በእናቴ ድስት እናፈላው ነበር። ቆሻሻው ሲለቅ ለጥቂት ቀናት ነፍስ ይዘራል። እናቴ ክዳኑን አንስታ ታይና «ዛሬ ደግሞ የሽቦ ወጥ ነው?» ትል ነበር።

አባቴ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ካለፍኩ የራሴን ቤዝ ሊገዛልኝ ቃል ገባ። ዘመዶቻችን «ልጅህን አዝማሪ ልታደርገው ነው?» ሲሉት «የወደደውን ይያዝ። በሬም ያለ ውዴታው አያርስም» ብሎ ዘጋቸው። አለፍኩ። እሱም ቃሉን አላጠፈም።

ታኅሣሥ ነበር፤ ቤዙን ልንገዛ ወደ ደሴ ተሳፈርን። ማሽላው እየታጨደ፣ ሜዳው ሁሉ በነዶ ተሞልቶ፣ ከመኪናው መስኮት የአገዳ ጠረን ይገባ ነበር። ወልድያን አልፈን መርሳ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም አባቴ ብርቱካን ገዛ። እየላጠ ትልልቁን ለእኔ፣ ትንንሹን ለራሱ እያደረገ፣ ስለ ጊታር ይጠይቀኝ ጀመር። ይከብዳል ወይ? ዝናብ ይፈራል ወይ? ስንት ዓመት ያገለግላል? እኔም የማውቀውንም የማላውቀውንም እመልስ ነበር። እንደዚያ ቀን አባቴ ጠያቂ፣ እኔ መላሽ ሆነን አናውቅም ነበር። ጣፈጠኝ።

ደሴ ስንደርስ ብርዱ እንደ ውኃ ነበር። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ያገለገሉ ጊታሮች ግድግዳው ላይ ተደርድረው ተሰቅለዋል። አባቴ በትሩን ደጃፉ ላይ አቁሞ ገባና ቀና ብሎ ሲያይ ቆየ። ከዚያ አንዱን በጣቱ አመለከተ። ዳማ ነበር፤ እንደሚወዳቸው በሬዎች ቀላ ያለ ቡናማ። ሻጩ አውርዶ ሰጠኝ። እውነትም ያምር ነበር። አንገቱ ላይ እጄን ሳንሸራትት አንዳች የሚያግደኝ ነገር የለም።

«ይሄ ፍሬት አልባ ነው» አለ ሻጩ፣ በትሕትና። «ፍሬት አልባ ተጫውተህ ታውቃለህ?»

ፍሬት የሌለው ጊታር በዓለም ላይ መኖሩን የሰማሁት ያኔ ነው። አባቴ ፊቴን ያይ ነበር። መንገዱን ሙሉ ስመልስለት የመጣሁት ሰው ነው።

«አዎ፣ አውቃለሁ» አልኩ።

«ልጄ ያውቃል» አለ አባቴ ለሻጩ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ።

ሻጩ ሁለት ዓይነት ክር አወጣ። አንደኛው ላዩ ጠፍጣፋ፣ እንደ ተወለወለ ለስላሳ ነው። ሌላው ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት፣ ሲነኩት የሚሻክርና የሚያብረቀርቅ። «ለዚህ እንኳ ለስላሳው ይሻለው ነበር፤ ሻካራው እንጨቱን ይበላዋል» አለኝ። ዛሬ ማንም ቢጠይቀኝ ቃል በቃል ይህንኑ እመክረዋለሁ። ያኔ ግን የሰው ምክር መቀበል አለማወቅን ማሳወቅ መሰለኝ። «የለም፣ እኔ ደማቅ ድምፅ ነው የምወደው» ብዬ የሚያብረቀርቀውን አነሳሁ።

ቤት ገብቼ ስሞክረው ነው የገባኝ። ጣቴን መስመሩ ላይ ሳሳርፍ ትክክል ይሆናል፤ ከመስመሩ የአገዳ ልጣጭ ያህል ካለፍኩ ድምፁ ይጎመዝዛል። ቀስ ብዬ ስጫወት ደህና ነው፤ ፈጠን ስል ጣቴ ይስታል። አሮጌው ቤዝ ላይ ፍሬቶቹ ስንቱን ስህተቴን ሲሸፍኑልኝ እንደኖሩ አየሁ። የአክስቴ ልጅ ሰርግ በጥር ዋጃ ላይ ነበርና አባቴ ላገኘው ሁሉ «ልጄ ጌትነት ነው የሚጫወተው፤ ከደሴ ያመጣነውን ትሰማላችሁ» ይል ነበር። ጣቴ እስኪቆስል ተለማመድኩ። ሻካራው ክር አንገቱን እየፋቀ እንጨቱ ላይ ቦይ ሲያወጣ አየሁ፤ እሱንም በልብሴ እየጠረግሁ ዝም አልኩ።

የሰርጉ ቀን ፀሐዩ የዳሱን ቅጠል አጠውልጎት ነበር። ሙሽሮቹ ከቀትር በኋላ ገቡ። ምግቡ ተነሳ፣ ጠላው ዞረ፣ ጎረምሶቹ ለጭፈራ ተሰለፉ። ኪቦርዱን የሚጫወተው ከአላማጣ የተጠራ ሰው ነው፤ ከእሱ ጋር ተለማምደን አናውቅም። አባቴ ከሽማግሌዎቹ ጋር ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ጀመርን።

የመጀመሪያው ዘፈን ቀርፋፋ ነበርና አለፈ። ሁለተኛው የራያ ጭፈራ ነው፤ ትከሻውም እግሩም አብሮ የሚዘል። ሞንታርቦው የእኔን ስህተት አጉልቶ ዳሱን ሞላው። ዘፋኟ ዞር ብላ አየችኝ። ደግማ አየችኝ። ጨፋሪዎቹ እግራቸው እየተሳሳተ ይሳሳቁ ጀመር፤ በመጨረሻም ቆሙ። ኪቦርዲስቱ ተነስቶ መጣና የጊታሬን አንገት ያዘ። ክፉ ሰው አልነበረም። ገርሞት ነው። የዘፋኟ ማይክ ግን አጠገባችን ነበር።

«እንዴ! ይሄ እኮ ጥርስ የለውም!»

ዳሱ በሙሉ ሰማው። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው «ካሳው ጥርስ ሳያይ ገዛ!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ እንደ ጎርፍ ወረደ። ሙሽራይቱ ሳትቀር መሸፈኛዋን ይዛ ሳቀች። እኔ አባቴን አየሁት። ጠላውን ይዞ፣ ዓይኑን ጣሳው ውስጥ ተክሎ፣ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰበሰበ። በዚያ ሙቀት የበረደው ሰው ይመስል ነበር።

የጊታሬን ገመድ ከሞንታርቦው ነቀሉና ያለ ቤዝ ቀጠሉ። እኔም እስኪያበቃ ጊታሩን ታቅፌ ተቀመጥኩ። መሄድ ከመቀመጥ ይልቅ ያስፈራኝ ነበር።

ወደ ቆቦ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አባቴ ጊታሩን ከእጄ ወስዶ አቧራ እንዳይነካው ጭኑ ላይ በጋቢው ጫፍ ሸፈነው። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ምግብ በልተሃል?»

«በልቻለሁ አባ» አልኩት። አልበላሁም ነበር።

በሚቀጥለው ገበያ ቀን በሬ የሚይዝለት ሰው ስለጎደለው አብሬው ወረድኩ። እንድሪስ የሚባሉ የሮቢት ነጋዴ መጡ፤ የአባቴ የብዙ ዘመን ደንበኛ ናቸው። አባቴ እኔ ስለያዝኩት ወይፈን ዕድሜ ነገራቸው። እንድሪስ ገመዱን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ እንደማመንታት ብለው እጃቸውን መለሱና ወደ ወይፈኑ አፍ ወሰዱት።

«አይክፋህ ካሳው» አሉ። «ሰዉ ሁሉ ስለሚያወራ ነው።»

በዙሪያው የቆሙት ሳቁ። አባቴ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው። «እይ፣ እይ። ማየት ደግ ነው» አለ። ድምፁ አልተለወጠም። እኔ ግን ገመዱን ለአንዱ ሰጥቼ፣ ገበያውን አቋርጬ፣ እስከ ወንዙ ድረስ ሳልቆም ሄድኩ። ያላወቅሁት እኔ ነኝ ብዬ እዚያው መናገር ነበረብኝ። ለአንድም ሰው አልተናገርኩም። ለአባቴም ቢሆን።

ዓመታት አለፉ። ጊታሩን አልሸጥኩትም። አባቴ ገበያ በሚውልባቸው ቀናት ከጓሮ እየተቀመጥኩ ተለማመድኩ። የተቦረቦረውን አንገቱን ወልድያ ያለ አንድ አናጢ ፋቀልኝ፤ ለስላሳ ክር አስመጣሁለት። በመጨረሻ ጆሮዬና ጣቴ ተስማሙ። ዛሬ ስጫወተው እንደ ሰው ድምፅ ያንጎራጉራል። አባቴ ግን አንድ ቀንም ተጫወትልኝ አላለኝም፤ እኔም እሱ ባለበት ከሻንጣው አላወጣሁትም። እሱ ቀስ በቀስ በሬ መደለሉን ትቶ ወደ ፍየል ወረደ፤ ፍየሉንም ተወው። ጉልበቱ ደክሞ ነው እንል ነበር።

አምና ክረምቱ ሲወጣ አረፈ። ለቅሶ ላይ እንድሪስ ከሮቢት መጡ፤ ጢማቸው ነጭ ሆኗል፤ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈዋል። «ነፍስ ይማር። አብሽር ልጄ» ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው፣ እንደ ደግ ወሬ፣ ሐዘኔን ሊያቀሉልኝ ጀመሩ።

«ያን ለታ አንተ ከገበያው ከሄድህ በኋላ አባትህ ምን እንዳለን ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ሰዉ ሲስቅ ቆየና ልጅህ ነው ያታለለህ አለው አንዱ። ካሳው ያኔ ተቆጣ። ‹ልጁ ነግሮኝ ነበር› አለ። ‹አባ፣ ይሄ ጥርስ የለውም፣ ይቅርብን ብሎኝ ነበር። በመልኩ ተሸንፌ እምቢ ያልኩ እኔ ነኝ። ልጁን አትንኩት። ማየት ያቃተኝ እኔ ነኝ› አለ። ወላሂ፣ ካሳው ማየት አቃተኝ ሲል መስማት ከባድ ነበር። ከዚያ ወዲያማ የከብቱን አፍ ሳይከፍት ከእሱ የሚገዛ ጠፋ። ራሱ መሰከረ እኮ፤ ምን ይደረግ?»

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ይገባል፣ ይወጣል። እንድሪስ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ።

«እውነት ነው፣ ነግረኸው ነበር አይደል?»

አንገቴን ደፋሁ። ዕንባዬ ወረደ። እሳቸው የሐዘን መስሏቸው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝና ወደ ሌላ ወሬ አለፉ። ዝምታዬን እንደ አዎ ቆጠሩት።

ከዚያ ወዲህ ዓመት ሆነ። ነገሩን ስገለብጠው ስመልሰው እኖራለሁ። እውነቱን ብናገር አባቴን በመቃብሩ ውሸታም አደርገዋለሁ እላለሁ፤ ባልናገር ደግሞ እንጀራውን ያሳጣውን ነገር እሱ እንደፈጸመው ይቀራል። የመጀመሪያው ሐሳብ ለእኔ የሚመቸኝ ስለሆነ አላምነውም። እንድሪስ አርጅተዋል። ከቆቦ ሮቢት መንገዱ ሜዳ ነው፤ መኪናም ሞልቷል። ለመሄድ ስነሳ አንድ ሥራ ትዝ ይለኛል።

በቀደም በገበያው ቀን ከብት ተራው አጠገብ ሳልፍ እንድሪስን በሩቅ አየኋቸው። ከአንድ ወይፈን ፊት ቆመው፣ ባረጁ እጆቻቸው አፉን ገልጠው፣ ዓይናቸውን አጥብበው ያያሉ። አጠገባቸው የቆመው ደላላ ገመዱን ይዞ ይጠብቃል። ጥቂት ቆሜ አየሁና፣ ቀና ሳይሉ በፊት፣ በሌላው መንገድ ዞርኩ።