ንፍሮ የለመዱት ዓሦች

ወሬው በስልኬ ሲደርሰኝ እጄ ዓሣ በዓሣ ነበር። የምሠራላት የአረብ አገር እመቤት እንግዳ ጠርታ፣ እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ቅርፊት እፍቃለሁ። ደብረ ታቦር ፈረንጅ የሚያስጎበኘው ታናሽ ወንድሜ ቪዲዮ ላከልኝ። በትንሿ ጣቴ ነክቼ ከፈትኩት። አንድ ፈረንጅ እስከ ጭኑ ውኃ ውስጥ ቆሞ ረጅም ክር እንደ ቡሄ ጅራፍ ከራሱ በላይ ያዞራል። ክሩ ጫፍ ላይ ከላባ የተሠራች ዝንብ አለች። ገና ውኃው ላይ አረፍ ከማለቷ አንድ ትልቅ ዓሣ ብቅ ብሎ ዋጣት። ዳር የቆሙት ሰዎች አጨበጨቡ። ቋጥኙን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። የእኛ ጸበል ነው!

ከጉና ተራራ የሚወርደው ወንዝ ጸበሉ ከሚፈልቅበት ሥር ተጠራቅሞ ያርፋል። እዚያ ያለ ዓሣ አይነካም። የተጠመቀ ሰው የያዘውን ንፍሮ መጀመሪያ ለእነሱ ይበትናል፤ ከዚያ ነው እሱ የሚቀምሰው። እናቴ እግሯ ተሳስሮ በሰው ጀርባ ወርዳ፣ ድና በገዛ እግሯ ከወጣች ወዲህ ይህን አስታጉላ አታውቅም። እኔም በልጅነቴ ስበትን ጣቴን ይነኩኝ ነበር። ሰው የሚያምን ዓሣ መያዝ ምን ጀግንነት አለው?

ወዲያው ደወልኩ።

«እታለም፣ አየሽው?» አለኝ ደስ ብሎት። «ፈረንጆቹ ትራውት የሚባል ዓሣ ፈልገው ነው የመጡት።»

«እኛ አገር ትራውት አለ?»

«የለም። አለ ብዬ ነዋ ያመጣኋቸው! ከላይ ወንዙ ላይ ክራቸውን ሲወረውሩ ዋሉ፣ ምንም። እንግዳ ባዶ እጁን ይመለስ?»

«ለእንግዳ ብለህ የስለት በግ ታርዳለህ?»

«ኧረ ዓሦቹን ለቀቋቸው እኮ! መንጠቆውን ነቅለው፣ ስመው ነው የለቀቋቸው።»

«አንተንስ ከንፈርህን ወግቼ፣ ስሜ ብለቅህ ትመርቀኛለህ?»

«አንቺ እዚያ ዓሣ ስትፍቂ ትውዪ የለ እንዴ! አሁን መነኮሰች።»

«ለሚበላ ነው የምፍቀው! አብልቼ፣ አባብዬ የያዝኩት የለም።»

ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ንስሐ አባቴ «ቁጣ ጾም ይሽራል» ይሉኝ ነበር፤ እንግዲያው ያን ዓመት አልጾምኩም።

ቪዲዮውን አንድ ጎረቤት ለእናቴ አሳያት። ከዚያ ወዲህ ወደ ጸበሉ አልወረደችም። እግሯ እንደገና እየተሳሰረ ነው። «በምን ፊቴ ልውረድ?» አለችኝ። «መርቶ ያመጣቸው እኔ የወለድኩት ነው።» ወንድሜ እግሯ ላይ ወድቋል፤ ይቅርም ብላዋለች። ራሷን ግን ይቅር አላለችም። እኔ ሩቅ ነኝ፣ እጇን ይዤ ላወርዳት አልችልም። ይኸው ነው የሚያንገበግበኝ።

ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት። ወንድሜ ብቻውን አይደለም። ገና ከፀጉራቸው ጸበል የሚንጠባጠብ ሰዎች ዳር ቆመው ይስቃሉ። አንዱ «ያችን! ያችን ትልቋን!» እያለ ያሳያል። አንዷማ፣ እግዚአብሔር ይይላት፣ ዓሦቹ ለፈረንጁ እንዲሰበሰቡለት ንፍሮ ትበትናለች።

እናንተ እዚያ የነበራችሁ፣ ስማችሁን አልጠራም፤ ፊታችሁን ግን አውቀዋለሁ። ለእኔ ይቅርታ አትላኩልኝ፣ አልቀበልም። እናቴ ቤት ሂዱ። «እኛም አጨብጭበናል፤ ኀፍረቱ የአንቱ ብቻ አይደለም» በሏት። እምቢ ብትላችሁ ደጇ ላይ ቁጭ በሉ። እሺ ስትል በበቅሎ አስቀምጧትና፣ ቀስ አድርጋችሁ፣ ጸበሉ ድረስ አውርዱልኝ።