ያለ ፖምፓ የሄደው ትራክተር

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ነቀምቴ ገበያው አጠገብ ባለችው ፎቶ ኮፒ ቤቴ የአንድ ተማሪ ማስረጃ እያባዛሁ ሳለ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። «ለሊሴ ነሽ? ዘሃራ ነኝ፣ የይማም ልጅ» አለችኝ። ድምጿን ከሰማሁ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። «አካም ጅርታ እህት ዓለም፣ ደህና ነሽ ወይ፣ ልጆችሽስ?» እያለች ሰላምታውን ስታረዝም፣ እኔ የማሽኑን ጩኸት ሰበብ አድርጌ አጭር አጭር መልስ እሰጣለሁ።

በመጨረሻ የደወለችበትን ጉዳይ ነገረችኝ። ብረት የሚገዙ ሰዎች ግቢያቸው የቆመውን አሮጌ ትራክተር ቆራርጠው ሊወስዱት ፈልገዋል። «አባባ ግን ወይ ፍንክች! ፖምፓው ሳይመጣ አይነካም ይላል። አባትሽ ካረፉ ወዲህ ማን ጋ እንዳለ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ፖምፓው ከተቀመጥኩበት ሁለት እርምጃ አይርቅም ነበር፤ ከወረቀት ካርቶኖቹ ጀርባ በማዳበሪያ ጆንያ እንደተጠቀለለ አለ። «እደውልልሻለሁ» ብዬ ዘጋሁባት።

ይማም ጎረቤታችን ነበር፤ በድርቁ ጊዜ በልጅነቱ ከወሎ መጥቶ ከኡኬ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን የሰፈረ። እኔ ግን እንደ አባቴ ወንድም ቆጥሬ «ዋሲላ» እለው ነበር። እሱና አባቴ ቶለሳ፣ በሱ አጠራር «ቶሌ»፣ አንድ የእርሻ ድርጅት ጥሎት የሄደውን ትራክተር ተጋርተው ገዝተው፣ ሞተሩን ፈትተው ገጥመው ነፍስ ዘሩበት። ይማም መስጊድ ስለሚሄድ አርብ፣ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄድ እሁድ ያ ትራክተር ያርፋል። በሳምንት ሁለት ቀን የሚያርፍ ትራክተር በወለጋ ሌላ የነበረ አይመስለኝም።

አንድ ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ ገባና የማን ማሳ ቀድሞ ይታረስ በሚል ተጣሉ። ሽማግሌዎች ዋርካ ሥር ሲመክሩ ውለው አንድ መላ አመጡ። ትራክተሩ ይማም ግቢ ይቁም፤ ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓ ተፈትቶ ቶለሳ ቤት ይቀመጥ፤ ያኔ አንዱ ያለ ሌላው አያርስም። ሁሉም «ጎሽ!» አለ። እውነትም ሁለት ዓመት ሠራ። የእርሻ ወቅት ሲደርስ አባቴ ፖምፓውን ተሸክሞ ይማም ግቢ ይሄዳል፤ አብረው ይገጥሙታል፤ የሁለቱንም ማሳ ያርሳሉ፤ ሲጨርሱ ፈትቶ ይመልሰዋል። ከዚያ በአካባቢው ግጭት ተነሳና ጊዜው ከፋ። ብዙ ሰው እንዳደረገው እኛም በእጅ የሚያዘውን ይዘን ነቀምቴ ገባን። ፖምፓውም ከኛ ጋር መጣ።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በመጣን በዓመቱ፣ ነሐሴ ላይ ነው። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት እጠብቃለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መደማመጥ አይቻልም፤ ለነገሩ የሚያወራም አልነበረም። አባቴ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሲያይ ይውላል። እናቴ በቆሎ እሸት ጠብሳ ትሰጠዋለች፤ ሁለት ረድፍ ይፈለፍልና ያስቀምጠዋል። እኔ ደግሞ የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ የተወልኝ ላፕቶፕ ላይ ተጥጃለሁ። ከጫነባቸው ጌሞች አንዱ ብረት፣ ጎማና ሞተር ከዝርዝር ውስጥ እየመረጡ የፈለጉትን ተሽከርካሪ የሚገጣጥሙበት ነበር። ሌላው ሰው የውድድር መኪና ይሠራበታል፤ እኔ የኛን ትራክተር ልሠራ ተነሳሁ። አባቴን ለማናገር ነበር ብል ደስ ይለኛል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሥራ ፈትቼ ነው።

የመጀመሪያው ገና ጋዝ ስሰጠው አፍንጫውን ሰቅሎ ወደ ኋላ ተገለበጠ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ። አራተኛው ሲገለበጥ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ፊቱ ቀለለ» አለ አባቴ። «ድንጋዩስ?»

ልክ ነው፤ የፊት ክብደቱ ጠፍቶ ስለነበር እነ አባቴ አሮጌ የወፍጮ ድንጋይ በሰንሰለት አስረውለት ነበር። ክብ ብረት ፈልጌ ከፊቱ ሰካሁበት። ቀጥ ብሎ ሄደ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ ወንበሩን አምጥቶ አጠገቤ ይቀመጥ ጀመር። የኋላ ጎማው አነሰ ይላል። የጭስ ማውጫው ሽቅብ ይቁም ይላል። ዝናብ እንዳይገባበት ጫፉ ላይ የቲማቲም ጣሳ ይደፉበት ስለነበር ለሱም የምትሆን ነገር ፈልጌ አስቀመጥኩ። «ሹፌሩ ምን ላይ ሊቀመጥ ነው? ቂጡ እስኪላጥ ብረት ላይ?» ብሎ ሲቀልድ እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችን። ለወራት ያልሰማችውን ድምፅ ነበር የሰማችው። እኔም ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ባለቀ ዕለት የጌሙን ዝናብ ከፍቼ ጭቃ የበዛበት ዳገት መረጥኩ። አባቴ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ትራክተሩ እየተንገዳገደ ዳገቱን ያዘው።

«ፖምፓውን የት ገጠምሽው?» አለኝ።

«እዚህ ፖምፓ የለም አባ። ሞተሩ ሙሉውን ነው የሚመጣው። ይነሳል በቃ።»

«ያለ ፖምፓ?»

«ያለ ፖምፓ።»

ትራክተሩ ዳገቱን ወጥቶ ማዶ ደረሰ። አባቴ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ «አስፋልቱ ጋ ይደርሳል ማለት ነው» አለ። ቀጥሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። አባቴን ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበርና ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ ላፕቶፑን ከደንኩት።

የዘሃራ እናት ከወር በፊት፣ ሐምሌ ላይ፣ በምጥ መሞቷን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ያላወቅነው ሌላውን ነው። ሚያዝያ ላይ ይማም በአንድ የገበያ ሰው በኩል «ፖምፓውን ላክልኝ» ብሎ ልኮበት ነበር። አባቴ ደግሞ ስደቱም ንዴቱም አንድ ላይ ሆነውበት «ከፈለገ ራሱ መጥቶ ይውሰድ» ብሎ መለሰ። ሐምሌ ላይ ምጡ ሲጠናባት ከዚያ ጭቃ የሚያወጣ ከትራክተሩ በቀር ምንም አልነበረም። እሱ ግን ያለ ፖምፓ ግቢው ውስጥ ቆሟል። በቃሬዛ ተሸክመዋት አስፋልቱ ሳይደርሱ ሞተች። ይህን ሁሉ አባቴ ያን ዕለት ነገረኝ።

ከአልጋው ሥር ጆንያውን ጎትቶ እግሬ ሥር አስቀመጠው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ወስደሽ ለይማም ስጪልኝ።»

«አብረን እንሂድ አባ።»

«ፊቱን ማየት አልችልም» አለኝ።

መስከረም ሲጠባ፣ መንገዱ ትንሽ ሲረጋጋ፣ ጆንያውን ይዤ ሄድኩ። ኡኬ ወረድኩ። ከዚያ ወደ መንደሩ በእግር አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። የመንገዱ ዳር በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። አንዲት ሻይ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ፤ አንድ ሻይ፣ ሁለት ሻይ፣ ሦስት። ዘሃራ በር ላይ ስትቀበለኝ ይታየኝ ነበር። ምን እላታለሁ? እናትሽን ሊያተርፍ ይችል የነበረው ብረት ይኸው? ፈራሁ። መንገዱን ሳይሆን እሷን ነው የፈራሁት። ከጉልት አንጮቴ፣ ያንን እንደ ድንች የሚቀቀል ሥራ ሥር፣ ገዝቼ፣ ጆንያውን እንደያዝኩ በመጣሁበት ተመለስኩ። ነቀምቴ ስደርስ ጆንያውን ጎረቤት ቤት ደበቅሁት።

አባቴ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። «ሰጠሽው?»

«ሰጠሁት።»

«ማል ጄዼ? ምን አለ?»

«አብሽር በሉት አለ። ይሄን አንጮቴም ልኮልሃል፣ ከጓሮው።»

አብሽር፣ አይዞህ ለማለት ይማም በማንኛውም ነገር የሚላት ቃል ነበረች፤ እሷን ነው የሰረቅኩበት። እናቴ አንጮቴውን ቀቅላ በቅቤ አቀረበችለት። አባቴ አንድም ሳያስቀር በላው። ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር ተቀላቀለ፣ እንቅልፉም ተመለሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሞት ፊቱ ሰላም ነበር ብለው ሁሉም ተናገሩ። እኔ ግን የሰላሙን ምክንያት ስለማውቅ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ብዙ ውሸት ዋሽቻለሁ፤ እንዲህ የጠቀመም እንዲህ የከበደኝም የለም።

ትናንት ለዘሃራ መልሼ ደወልኩላት። ፖምፓው እኔ ጋ እንዳለ፣ አባቴ ያን ጊዜ ልኮት እንደነበር፣ ያስቀረሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። ስልኩ የተዘጋ መስሎኝ «ዘሃራ?» አልኩ።

«አለሁ» አለችኝ። «አባባ ሁሌም ይሄንን ነው የሚለን። ቶሌ ሳይልከው አልሞተም፤ የያዘው ሰው ፈርቶ ይሆናል፤ ካገኛችሁት አብሽር በሉት ይላል።»

ሱቁን ዘግቼ አለቀስኩ። ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ኡኬ እሄዳለሁ፤ ጆንያውን አሁኑኑ በሩ አጠገብ አውጥቼዋለሁ። ዋሲላ ይማም «ቶሌ ምን አለ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አባቴ ያለኝን እነግረዋለሁ። ከዚያም አባቴ «ይማም ምን አለ?» ብሎ ሲጠይቀኝ የመለስኩለትን እነግረዋለሁ።