ዋናውን ዝጊው

የአክስቴ ባል ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ሰፈሩ “ጋሼ ራሴ” ይላቸዋል። መብራት ቢጠፋ “ራሴ እሠራዋለሁ”፣ በር ቢጣመም “ራሴ”፤ ጥርሳቸውን ሲያማቸው እንኳ ፒንሳ ይዘው መስታወት ፊት የቆሙ ሰው ናቸው። ቤቱንም የሠሩት ራሳቸው ናቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ ይኸንኑ ያወራሉ።

የኩሽናው ቧንቧ የፈነዳ ቀን አክስቴ ሳሎኑ ውስጥ ነጭና ቀይ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ጨርቅ ከምራ ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነው፣ ጨርቁም የትምህርት ቤቱ ነው። ቶሎ ብላ ቧንቧ ሠራተኛ ጠራች። ሰውየው አይቶ ዋጋውን ሲናገር የጋሼ ራሴ ዓይን ፈጠጠ።

“ቧንቧውን ወርቅ ልትቀባው ነው እንዴ? ሂድ ወንድሜ፣ ራሴ እሠራዋለሁ!”

መጋዝ ይዘው ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ውሃው ጣራ ነካ።

“ዋናውን ዝጊው! ዋናውን!” ብለው ጮኹ።

አክስቴ በድንጋጤ ሮጣ ዋናውን በር ጥርቅም አደረገችው። በኮሪደሩ አልፎ ወደ ግቢ ይወርድ የነበረው ውሃ መውጫ ሲያጣ ወደ ሳሎን ታጠፈ።

“የውሃውን ነው ያልኩሽ!”

“ታዲያ የውሃውን አትልም? የት ነው ያለው?”

በመጋዙ ጫፍ ወለሉን አመለከቱ። ወለሉን ራሳቸው ሲሚንቶ ሲያደርጉ የውሃውን መዝጊያ አብረው ቀብረውት ኖሯል። ቤቱ እውነትም ዋና ሆነ፤ የሚዋኙበት እንጂ የሚዘጉት አልነበረም።

ሠራተኛው ተለምኖ ሲመለስ ዋጋው ሦስት እጥፍ ሆኗል፤ የወለል ማፍረሻው፣ የአዲስ መዝጊያው፣ ምናልባትም የተሰደበበት። ጨርቁን ግን ማንም አልጠገነውም። ነጩ ከቀዩ ጋር ተቃቅፎ ሮዝ ሆኗል። አክስቴ ሮዙን ጨርቅ ታቅፋ እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ አለች።

“በቃ፣ ከእንግዲህ ማን ሥራ ይሰጠኛል?” አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለን ነበር።

በማግስቱ ጋሼ ራሴ ኮታቸውን ለበሱና “ነይ ተከተይኝ” አሉኝ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ቢሮ ስንገባ ጥፋቱን በቧንቧው ፋብሪካ ያላክካሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣

“ጥፋቱ የእኔ ነው” አሉ። “እሷ ባለሙያ ጠርታ ነበር፤ እኔ ነኝ ያባረርኩት። ጨርቁን እተካለሁ፣ ሥራውን ብቻ አይንጠቋት።”

ዳይሬክተሯ ሁለት ሳምንት ጨመሩላት።

እየሮጥኩ ሄጄ ለአክስቴ ነገርኳት። ሥራው እንዳልተወሰደባት ስትሰማ እፎይ አለች። ቀጥላ፣

“እስኪ ድገሚልኝ፣ ምን አለ?”

“ጥፋቱ የእኔ ነው።”

“አፍ አውጥቶ?”

“አፍ አውጥተው።”

መቀሷን አስቀመጠች። ሳቅ ያፈናት መስሎኝ ቀና ብዬ ሳያት እንባዋ ይወርዳል።

“እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩትን ቃል” አለች፣ “ሄዶ ለማያውቃት ሴት ይላታል?”