ወንዝ ያሻገረን አሜን

ከሸዋ ተድሬ ከዳባት በላይ ወዳለው ደጋ ስሄድ እናቴ «ሰው አገር ነውና አፍሽን ሰብስቢ» ብላ ነበር የሸኘችኝ። ሰብስቤ ኖርሁ። ጣሊያን ጎንደርን በያዘበት ዘመን፣ በአንድ ክረምት ግን፣ ስንት ዘመን የሰበሰብሁት ሳቅ ባንድ ቀን አመለጠኝ።

ወንድ ልጅ ወልጄ አርባው እየደረሰ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከወንዙ ማዶ፣ ወንዙም ሙሉ፣ ድልድዩም የለ። ድልድይ ማለቴ አፈር የለበሰ ሁለት ግንድ ነበር፤ አማቴ በገዛ እጃቸው ገፍተው ለጎርፍ ሰጡት። ባለቤቴ ዱር ገብቶ ጣሊያንን ይወጋል፤ የማዶው ጎረቤታችን ልጅ ደግሞ ለጣሊያን መንገድ ድንጋይ ይፈልጣል። ሁለቱ አባቶች፣ አማቴና ጎረቤታችን፣ አብሮ አደግ ነበሩ። አንድ ቀን ጠላ ላይ «የባንዳ አባት»፣ «የሽፍታ አባት» ተባባሉና፣ አማቴ «እሱ የረገጠውን እንጨት እኔ አልረግጥም» ብለው ድልድዩን ሰደዱት። እኛ ሴቶቹም እሳትና ጨው መበዳደር ቀረብን።

የክርስትናውን ነጭ ጨርቅ ከጎንደር አራዳ ገበያ አስመጥቼ፣ ማተቡን ፈትዬ ጨርሻለሁ። ልጄ ባስነጠሰ ቁጥር «እመቤቴ፣ ሳይጠመቅ አትውሰጂብኝ» እላለሁ። አማቴን ደፍሬ መናገር አቃተኝ። የባሌ እህት ወንዝ ዳር ወርዳ፣ ማዶ ላሉት ለነፍስ አባታችን ጮኻ ነገረችልኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽምግልና ሆነ፤ ያውም በማዶና በማዶ። አባ መስቀላቸውን ይዘው ከወዲያ ቆሙ፤ ጎረቤታችንም አጠገባቸው፣ ያስቀደሰውም ሰው ከኋላቸው። አማቴ ከወዲህ ከነምርኩዛቸው ድንጋይ ላይ ወጡ። እኔ አራስ ነኝና ልጄን አቅፌ ከአጥራችን ሥር ሆኜ አያለሁ።

«ይቅር በል!» ጮኹ አባ።

«ምን አሉ?» አማቴ እጃቸውን ከጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«ይቅር በል!»

«አልልም!»

«ምነው አያ?» አሉ ጎረቤታችን። «ድልድዩን ያፈረስህ አንተ፣ አኩራፊውም አንተ?»

«አንተን ማን ጠየቀህ! ሂድ ከልጅህ ጋር ድንጋይህን ፍለጥ!»

አባ ተስፋ የቆረጡ መሰሉ። መስቀላቸውን አንሥተው መመረቅ ጀመሩ። አማቴ ደግሞ ምርቃት ሰምተው አሜን ሳይሉ የሚያልፉ ሰው አይደሉም፤ በእንቅልፋቸውም ይሉታል።

«ክረምቱን የምሕረት ያድርግልህ!»

«አሜን!»

«የዱሩን ልጅህን በሰላም ያግባልህ!»

«አሜን!» ድምፃቸው ተሰበረ።

«የልጅ ልጅህን ለጥምቀት ያብቃልህ!»

«አሜን! አሜን!»

«ይቅር ለእግዚአብሔር ያሰኝህ!»

«አሜን!»

«ያን የደጅህን ትልቅ ጥድ አስቆርጦ ወንዙ ላይ ያጋድምልህ!»

«አሜ...» አሉና አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

ከዚያ ከአጥሩ ሥር አንድ ሳቅ ፈነዳ፤ የኔ ነው። አማት ፊት ጥርሴን አሳይቼ የማላውቀው ሴት፣ አፌን በነጠላ ብይዘው በዓይኔ እንባ ሆኖ ወጣ፤ ልጄ ደረቴ ላይ ይንገጫገጫል። የባሌ እህት ተከተለችኝ፤ ከዚያማ ሳቁ ወንዙን ተሻገረ።

«አላልሁም!» አሉ አማቴ።

«ብለሃል!» አለ ማዶው በሙሉ።

«ለምርቃቱ ነው እንጂ ለሱ አይደለም!»

«አሜን ተተፍቶ አይላስም!» አሉ አባ።

ጎረቤታችን ሆዳቸውን ይዘው «ሸጋ አድርገው አጠመዱት!» እያሉ ሲንከተከቱ፣ አባ ዞር አሉና «አንተንም የዚህ ሕፃን የክርስትና አባት ያድርግህ!» አሏቸው።

«አሜን!» አሉ እየሳቁ። ወዲያው ሳቃቸው ቀጥ አለ።

አሁን ተራው የአማቴ ሆነ። ጭቃው ላይ ዘጭ ብለው ተቀምጠው «እሰይ! የሽፍታ ልጅ አባት ሆንህ!» እያሉ ጉልበታቸውን መቱ።

ጥዱ በማግሥቱ ወደቀ። ከወዲህ የኛ ሰዎች ገፉ፣ ከወዲያ እነሱ በመጫኛ ጎተቱ። የጎረቤታችንም ልጅ የጣሊያኑን ዲጂኖ ተሸክሞ መጣ። አማቴ ልጁን አዩ፣ ዲጂኖውን አዩ፤ «ብረቱስ ሸጋ ነው» አሉ። ከሳቸው ይህ ብዙ ነው።

እኔ ግን ሐሳብ አልተወኝም። አባ ግንዱን ሊባርኩ በተሻገሩ ጊዜ ጠጋ ብዬ «አባቴ፣ ሰው ሳያውቅ የተናገረው ይቅርታ በእግዚአብሔር ዘንድ ይጸናል?» አልኋቸው።

«አንቺስ አውቀሽ ነው የተጠመቅሽ?» አሉኝ።

የአርባው ለት በጠዋት ልጄን አቅፌ ግንዱ ላይ ወጣሁ። ከሥሬ ውሃው ይጮኻል። መካከል ላይ ስደርስ ጎረቤታችን ከወዲያ መጥተው እጃቸውን ዘረጉ፤ ልጄን ሰጠኋቸው። አማቴ ከኋላዬ «ቀስ በል አያ፣ ያዳልጣል!» ይላሉ።

ልጄ ተጠመቀ፤ ማተቡም ታሰረለት። አባ መስቀላቸውን አንሥተው «ይህን ሕፃን...» ብለው ምርቃት ሲጀምሩ ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩና ጭጭ አሉ።

«ምነው አሜን አትሉም?» አሉ አባ።

«መጀመሪያ ይጨርሱት» አሉ አማቴ።