ጣት ሲነሳም የማይጠፋ አምፖል

ሞጣ ከተማ፣ ሙያ ማሠልጠኛ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ሳስተምር አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ሊያሳብደኝ ደርሶ ነበር። ሎጂክ ጌት የሚባሉትን ምልክቶች በሽቦ እያገናኙ አምፖል ማብራት ነው። አሥራ አንደኛው ደረጃ ላይ ተቸከልኩ። አንዱን ቁልፍ ነካ ሲያደርጉት አምፖሉ መብራት፣ ጣት ሲነሳም ሌላው ቁልፍ እስኪነካ ድረስ እንደበራ መቆየት አለበት። እኔ ግን ሳምንት ሙሉ ጣቴን ባነሳሁ ቁጥር ድርግም! ጨዋታውን የሠራው ሰው ተሳስቷል ብዬ ለባልደረቦቼ አወራሁ። «አዎ፣ የተሳሳተው እሱ ነው እንጂ አንተማ ምን በወጣህ!» እያሉ ሲስቁብኝ ሰነበቱ።

ቅዳሜ ከሰዓት ተናድጄ ዘጋሁትና ያረምኳቸውን የፈተና ወረቀቶች መደርደር ጀመርኩ። መሀል ላይ የአንድ ትልቅ ሰው ወረቀት ወጣ። አባቴን የሚያክሉ፣ የወፍጮ ቤት ሞተር ጠጋኝ ናቸው። ባለወፍጮው «የብቃት ወረቀት ካላመጡ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» ስላላቸው ነው ከልጆች ጋር ወንበር ተጋርተው የሚማሩት። ሞተር የሚያስነሳና የሚያቆም ሰርኪዩት ንደፉ ብል፣ ወደ ሞተሩ ከሚሄደው ሽቦ ቅርንጫፍ አውጥተው ወደ ኋላ፣ መግቢያው ላይ መልሰውታል። እኔም በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ! ይባስ ብዬ ክፍል ውስጥ ወረቀቱን ከፍ አድርጌ «የወጣ ነገር ተመልሶ አይገባም! ይሄ ምንድነው?» ብያለሁ። ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው «እሺ መምህር» ብለው ተቀመጡ። በዚያች ዜሮ ወደቁ።

አሁን ስዕሉን አየሁት፣ አየሁትና ኮምፒውተሩን መልሼ ከፈትኩ። ሽቦውን እንደሳቸው ከመውጫው ወደ መግቢያው መልሼ ቀጠልኩት። ቁልፉን ነካሁ፤ በራ። ጣቴን አነሳሁ። እንደበራ ቀረ! ሌላውን ነካሁ፤ ጠፋ። መደሰት ሲገባኝ ዓይኔ ቀዩ ዜሮ ላይ ቀረ። «ወይ ጉድ! የሰው እንጀራ ዘጋሁ'ኮ!» አልኩ ብቻዬን።

ውጤቱ ለፊርማ ቢቸና ከተማ ወዳለው የፈተና ቢሮ ሄዷል። ሰኞ በመጀመሪያው መኪና ተከተልኩት። ዜሮው ይታረም ስለው የቢሮው ኃላፊ «የስህተቱን ምክንያት ጻፍ» አለኝ። እስክሪብቶውን ትንሽ ካንገላታሁት በኋላ «መምህሩ ባለማወቁ» ብዬ ጻፍኩ። ሳቀና ፈረመ፤ ሞተር ጠጋኙም አለፉ።

ስመለስ በቀጥታ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ዱቄት በዱቄት ሆነው አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸውና «ይቅር ይበሉኝ አባቴ» አልኩ፤ አፍሬ ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል።

«ተመስገን» አሉ። «ይሄንንም ሞተር በዚያው ነው'ኮ የማስነሳው። አረንጓዴዋን ቁልፍ ነካ፣ ከዚያ ራሱን ይዞ ይሄዳል።»

«ታዲያ ያን ዕለት ምነው ዝም አሉኝ? ሥራዎን ሊያጡ እኮ ነበር!»

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«ልጆቹ ፊት?» አሉኝ። «እንዴት ብዬ መምህር? ነገም የሚያስተምሯቸው እርስዎ አይደሉም እንዴ?»