ራሴን የሰደብኩበት ታክሲ

ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ የቤቴል ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ ራሴን ስሰድብ ነበር... በሙሉ አእምሮዬ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ አየር ጤና የግንባታ ዕቃ እሸጣለሁ። ምርጫ በመጣ ቁጥር ደግሞ በግል እወዳደራለሁ። አራት ጊዜ ተወዳድሬ አራት ጊዜ ተሸንፌአለሁ። ለአምስተኛው ለመመዝገብ የደጋፊዎቼን ፊርማ ይዤ ጠዋት ምርጫ ክልሉ ቢሮ ሄድኩ። መዝጋቢዋ ልጅ ቅጹን አንድ በአንድ ካየች በኋላ ቀና አለች።

«አባቴ፣ እነዚህ ዘጠኝ ሰዎች የሰበታ ነዋሪዎች ናቸው። አይቆጠሩም።»

ጥፋቱ የኔ ነው። ፊርማውን የሰበሰብኩት ሱቄ ባንኮኒ ላይ ነው። ከሰበታ ሚስማር ሊገዛ የመጣውንም ሁሉ «እግረ መንገድህን እዚህች ጋ ፈርም» ስል ከርሜአለሁ። ሚስማር ሲሸጥ መታወቂያ የሚጠይቅ ነጋዴ የት አለ?

«እስከ አስራ አንድ ሰዓት ዘጠኝ የዚህ ነዋሪ ካመጡ ይመዘገባሉ። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው» አለችኝ።

የሱቅ ጎረቤቶቼ ቀድመው ፈርመዋል። የቀረኝ ሰፈሬ ቤቴል ሄጄ በር ማንኳኳት ነው። በዚያ ሰዓት ግን ማን ቤቱ ይገኛል? ቅጹን በፌስታል ይዤ ታክሲ ገባሁ። መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲው ንቅንቅ አልል አለ።

ቆመን ሳለ ጋቢና የተቀመጠ ባለኮፍያ ሰውዬ በመስኮት ጣቱን ቀሰረ። አንድ የተዘጋ ኪዮስክ ላይ ያለፈው ምርጫ ፖስተሬ እስካሁን ተለጥፏል። ሙጫው የሱቄ ነው... አይላቀቅም።

«ይሄ ሰውዬ ዘንድሮም ይወዳደር ይሆን እንዴ?»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። «እንደ ክረምት ነው፤ ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል» አለ ሾፌሩ።

ማንም አላወቀኝም። ፎቶውን የተነሳሁት ለመጀመሪያው ምርጫ ነው፣ የዛሬ ሃያ ዓመት። ጥቁር ጢም፣ ሙሉ ፀጉር። ከዚያ ወዲህ ሌላ መነሳት አስፈላጊ ሆኖ አልታየኝም።

መጀመሪያ ልከራከር አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ተውኩት። ስነግድ የተማርኩት አንድ ነገር አለ... ቀለሙን ስታወድስለት ደንበኛው ይጠራጠርሃል። «ተወው፣ ይሄ ላንተ አይሆንም» ካልከው ግን «ለምን አይሆነኝም?» ብሎ ይቆጣል።

«ቢቀር ይሻላል» አልኩ ጮክ ብዬ። «ማን ይጎድልበታል?»

አጠገቤ ዘንቢል ያቀፈች ሴትዮ ዞር አለች። «እንዴ ጋሼ! ምን በወጣው ይቀራል? ጎርፉ ልጆቻችንን መንገድ ሲከለክል ስብሰባ ላይ እጁን ያወጣ እሱ ብቻ ነው። የቀረው ወንድ ሁሉ ጫማ ጫማውን ሲያይ ነበር።»

እውነት ለመናገር ያን ቀን ረስቼው ነበር። እኔ ግን ቀጠልኩ።

«እና መረጥሽው?»

«አልመረጥኩትም።»

«ታዲያ!»

«ታዲያማ! እሱ ከሌለ ማንን ነው የማልመርጠው?»

ሳቁ ሲበርድ ጨመርኩበት። «እስቲ ፊቱን እዩት። እዚህ ፊት ላይ እምነት ይጣላል?»

ባለኮፍያው ከጋቢና ተጠማዝዞ አፈጠጠብኝ። «ፊቱ ምን አደረገህ ወንድሜ? እኔ ብስቅ በሰፈሬ ሰው ነው የሳቅኩት። አንተ ማን ነህና ነው?»

«ሌባ ቢሆን ኖሮኮ እስካሁን ተመርጦ ነበር» አለ ሾፌሩ።

ከኋላ ወንበርም ተነሱብኝ። «ሰው ሲጥር ምን አስቀናህ?» ይለኛል አንዱ። እንደዚያ የተከበርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

«እንግዲያው እርማችሁን አውጡ» አልኩ። «ዛሬ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ዘጠኝ ፊርማ ካላገኘ ዘንድሮ የለም።»



«እርስዎ በምን አወቁ?» አለችኝ ሴትዮዋ።

ቅጹን ከፌስታሉ አወጣሁ። «ሰውዬው እኔ ነኝ።»

ሁሉም ፖስተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ፖስተሩን አየ።

«ውይ በሞትኩት! ራስዎን ነው እንዴ ሲሰድቡ የቆዩት?» ብላ ትከሻዬን መታችኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን ነጥቃኝ አንደኛ ፈረመች። «እንዳይሳሳቱ! ፊርማ ሌላ፣ ምርጫ ሌላ» አለችኝ እየፈረመች።

አሁን ግን መታወቂያ ሳላይ አላስፈረምኩም። አንዱ የወለቴ ነዋሪ ሆኖ ተገኘ፤ አመስግኜ መታወቂያውን መለስኩለት። ቅጹ ከጉልበት ወደ ጉልበት ዞረ። ሾፌሩም መሪው ላይ አስደግፎ ፈረመ። ስምንት ሞላ። የቀረው ባለኮፍያው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ እጁን ኪሱ ከቷል።

«አንተስ ወንድሜ?»

«እኔ ወረቀት ላይ ስሜን አላሰፍርም።»

እንዲህ የሚል ገዥ አውቃለሁ። መሄድ ቢፈልግ ይሄዳል፤ ከቆመ ክርክር ይፈልጋል።

«ምን ባደርግ ትፈርማለህ?»

አሰብ አደረገ። «ፎቶውን ቀይር። የምንሰድበውን ሰው እንወቀው!»

«ተስማምተናል።»

እጁን ከኪሱ አወጣ... ታክሲው አጨበጨበ።

አስር ሰዓት ተኩል ላይ መዝጋቢዋ ፊት ቆምኩ። ዘጠኙንም አንድ በአንድ አየች። ዘጠኙም የዚሁ የኮልፌ ነዋሪዎች። ማኅተሙን ስትመታው ጠረጴዛው ተነቃነቀ። ወረቀቴን ይዤ የአየር ጤናን መንገድ በእግሬ ስሻገር መኪናው ሁሉ ለኔ የቆመ መሰለኝ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። «እና ዘጠኙም ሊመርጡህ ነው?» አለችኝ።

«ሁለቱ እንመርጥሃለን ብለዋል» አልኳት። «ሰባቱ ሐቀኛ ሰዎች ናቸው።»